ጥምቀትን ከወንበር ላይ ላዩት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኔ ጋ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሦስቱም "ይኼን አየኸው?" ብለው ነው የላኩልኝ። የጎንደር ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ እንድነሳ ፈልገው ይመስለኛል። ጽሑፉ ስለ ጎንደር ጥምቀት ነው። ጸሐፊው ለበዓሉ ሄደው ነበር። ሄዱ፣ አዩ፣ ከፋቸው፣ ጻፉ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገር። ጥምቀት በጎንደር ለቱሪስት የሚታይ ትርኢት ሆኗል ይላሉ። ጭፈራውና ሎሚው መንፈሳዊውን በዓል በርዞታል፤ ስለዚህ ይለያዩ ይላሉ። ዩኔስኮ መዘገበው ተብሎ የመጣ ነገር የለም ይላሉ። የፋሲል መዋኛ በሕዝብ ብዛት እየተጎዳ ስለሆነ በዓሉ ወደ ሜዳ ይውጣ፣ መዋኛው ይታጠርና ለጉብኝት ብቻ ይሁን ይላሉ። ከተማዋ በዓመት ሦስት ቀን ነቅታ ሌላውን ቀን ትተኛለች፣ ሦስቱን ቀንም እንግዳ ትዘርፋለች ይላሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በዓሉ የግድ እዚያው የሚቀር ከሆነ መግቢያው በትኬት ይሁን ብለው ይዘጋሉ።

ስማቸውን አልጠራም። የምከራከረው ከሐሳቡ ጋር ነው። ሁሉም ነገር ስሕተት ነውም አልልም። ሁለት ቦታ ላይ ልክ ናቸው፤ አንዱ ላይ እንዲያውም ከሳቸው የባሰ እናገራለሁ። ግን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። ጸሐፊው በዓሉን ያዩት በመዋኛው ዙሪያ ከሚሠራው የእንጨት መቀመጫ ላይ ሆነው ነው። ራሳቸው ጽፈውታል። በጥር 11 ጠዋት መጡ፣ ወንበር ያዙ፣ ፎቶ አነሱ፣ ወረዱ። የጻፉት ሁሉ ከዚያ ወንበር ላይ የሚታየውን ነው።

ትርኢት ከሚለው ልጀምር።

ትርኢት ተመልካች ከሌለው ይቀራል። ማንም ለባዶ አዳራሽ አይተውንም። ጥምቀት ግን ተመልካች በጠፋበት ዓመትም ነበረ። ኮሮና ዓለምን ባሽመደመደበት በ2013 ዓ.ም. ታቦታቱ ወርደዋል። ከዚያ ወዲህ በጦርነቱና በፀጥታው ችግር የውጭ አገር ሰው በጎንደር መንገድ ላይ ብርቅ በሆነባቸው ዓመታትም ወርደዋል። ካሜራ የያዘ ፈረንጅ ስለሌለ "ዘንድሮ ይቅር" ያለ ደብር አልሰማሁም።

ጸሐፊው ያመለጣቸው ጥር 10 ነው። ከተራ። ስሙ "መክተር" ከሚለው ነው የመጣው፤ ውኃ መገደብ ማለት ነው። ወንዝ ባለበት አገር ወጣቱ ድንጋይና ጭቃ ተሸክሞ ውኃውን ያቁራል። ጎንደር ላይ ሥራው ከዚህ ይበልጣል። መዋኛው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። በመጋቢት ሄዶ ያየው ሰው መሐሉ ላይ ግንብ የቆመበት ጥልቅ ባዶ ጉድጓድ ነው የሚያገኘው። በዓሉ ሲቃረብ ወለሉ ይጠረጋል፣ የበቀለበት ሣር ይነቀላል፣ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሳብለታል። መሙላቱ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ አይደለም። ልጅ እያለን ከትምህርት ቤት ስንመለስ "የት ደረሰ?" ብለን ለማየት ብቻ መንገዳችንን እናስረዝም ነበር። እስከ ደረጃው ደረሰ፣ ደረጃውን አለፈ፣ ግንቡን ከበበው። ለኛ የበዓሉ ቆጠራ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በውኃው ነበር።

ቤት ውስጥም ሥራ አለ። ጥር 10 ገሃድ ነው። እናቴ እስኪመሽ ምንም አትቀምስም። ባዶ ሆዷን ጠላውን ታጠልላለች፣ ነጠላውን ታጥባለች፣ ለኛ ደግሞ ትቆጣለች። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ይወጣሉ። ካህናቱ በወርቀ ዘቦ የተሸፈነውን ታቦት በራሳቸው ተሸክመው፣ ጥላው ከላይ ተዘርግቶ፣ ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። ከመሐል ከተማ እስከ መዋኛው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያቺ 2 ኪሎ ሜትር ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ትፈጃለች፤ ታቦት አይቸኩልም። የሰንበት ተማሪዎች እየዘመሩ፣ ሊቃውንቱ መቋሚያ እያነሱ፣ ሴቶች እልል እያሉ፣ ወጣቶች ከፊት ከፊት ምንጣፍ እያነጠፉ። ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው በትከሻቸው ይዘው እየሮጡ መልሰው ከፊት ይዘረጉታል። ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ። በማግስቱ ወገብ የሚባል ነገር አይኖርህም።

ሌሊቱን ማኅሌትና ቅዳሴ ነው። ሻማ ይዞ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቆሞ የሚያነጋው ሕዝብ ስንት ነው! ውኃው የሚባረከው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊው ወንበር የያዙት እዚህ ላይ መሰለኝ። በልጆቹ ዝላይ ጀመሩ፣ በልጆቹ ዝላይ ጨረሱ። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ መጨረሻዋን ደቂቃ አይተው "ትርኢት ነው" አሉ። ሰርግ ቤት ኬክ ሲቆረስ ደርሶ "ሰዎቹ ኬክ ለመቁረስ ነው የተሰበሰቡት" ብሎ እንደሚሄድ እንግዳ ነው።

አሁን ወደ ጭፈራው። ይኼኛው ነጥብ ብዙ ሰው የሚስማማበት ስለሚመስለኝ ትንሽ ልቆይበት።

ጸሐፊው "ንጹሑ ሃይማኖታዊ በዓል" እና "የተጨመረበት ባህል" እያሉ ይከፍሉታል። እስክስታው፣ ሆታው፣ ሎሚ መወርወሩ፣ የቀሚስ ፉክክሩ ሁሉ በኋላ የገባ ባዕድ ነገር ነው ባይ ናቸው። እስቲ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለውን ተረት ያስቡት። ማን እንደተረተው አናውቅም። ካህን አይመስለኝም። ግን የካህኑ ሚስት ስትተርተው ካህኑም ይስቃል። ጥር የሰርግ ወር ነው። ገጠሩ አዝመራውን ሰብስቦ ከእርሻ የሚያርፍበት ወር ነው። ወጣቱና ወጣቷ በአንድ ሜዳ ላይ የሚተያዩበት ቀን ደግሞ ይኸው ነው። ሎሚው የመጣው ከዚያ ነው። የወደዳትን ይወረውርባታል፤ እሷ ደግሞ ወይ ታነሳዋለች ወይ ታልፈዋለች። ዛሬ ሎሚው ቀንሷል፤ የሚወረወረው ስልክ ቁጥር ሆኗል። ነገሩ ግን ያው ነው።

"የተጨመረ" የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግረኛል። በዚህ በዓል ላይ ያልተጨመረ ምን አለ? ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1521 በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ጥምቀት ጽፎ አስቀምጧል። ውኃ የሚቋጠርበት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሕዝቡ እየገባ ሲጠመቅ፣ ንጉሡ ከፍ ካለ ቦታ ላይ በመጋረጃ ተከልለው ይመለከቱ ነበር። (እግረ መንገዴን፣ ጸሐፊው ከፍ ብለው በማየታቸው የመጀመሪያው ሰው አይደሉም። ንጉሡ ግን ቢያንስ ተመልካች መሆናቸውን ደብቀዋል።) ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ አልነበረችም። ዐፄ ፋሲል መናገሻቸውን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። የድንጋዩ መዋኛ፣ መሐሉ ላይ ያለው ግንብ፣ ዙሪያው ያለው አጥር ሁሉ ከአልቫሬዝ በኋላ የመጣ ነው። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን መዋኛው ራሱ "የተጨመረ" ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለኝ። አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም፤ በቀልዳቸው። ግን አለቃ ትልቅ የአቋቋም፣ ማለትም ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው እየተወዛወዙ የሚዘምሩበት ሥርዓት፣ ሊቅም ነበሩ። የጣናን ማዕበልና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ቀርከሃ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። ጎንደር ላይ ሊያስተምሩ ሲሉ ወግ አጥባቂዎቹ ካህናት አልተቀበሏቸውም። "ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ መወዛወዝ ነው?" ሳይሏቸው አልቀሩም። በኋላ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ "የተክሌ አቋቋም" ተብሎ በስሙ ተጠራ። ዛሬ ሊቃውንቱ ዝቅ ከፍ እያሉ፣ መቋሚያውን እያወዛወዙ ሲወርቡ ያየ ሰው ከጥንት ከጥዋቱ የነበረ ይመስለዋል። ጸሐፊውም በአድናቆት ጠቅሰውታል! "ንጹሕ" ካሉት ወገን ነው የመደቡት። እሱም በጊዜው አዲስ ነበር። ያ የምንጣፍ ነገርም እኔ በዕድሜዬ የደረስኩበት ነው። አንድም ሰው "ባዕድ ነው" ሲለው አልሰማሁም።

ሌላው ጸሐፊው ያላስተዋሉት፣ ሕዝቡ ድንበሩን ያውቀዋል። በቅዳሴ ሰዓት እስክስታ የሚመታ የለም። ታቦት ባለበት መሐል ዱላ ይዞ የሚገባ የለም። ሌሊቱ የጸሎት ነው። ረፋዱ ላይ ታቦት ሲመለስ ደግሞ ጭፈራው ከፊትም ከኋላም ይደራል። ካህኑም ይወርባል፣ የገጠሩ ጎረምሳም ይዘላል፣ አዝማሪውም ጥግ ይዞ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው። የሚካኤል ታቦት የሚገባው በዚያ ቀን ነው። ቃና ዘገሊላ ምንድን ነው? ሰርግ ነው። ውኃ ወደ ወይን የተለወጠበት ሰርግ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከጥምቀት ጎን ሰርግ ካስቀመጠች፣ ለይተን ምን ልናደርገው ነው?

አንድ ነገር ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ። በየአደባባዩ የሚተከለው ድምፅ ማጉያ። ሰው በአፉ የሚያወጣው ሆታና መድረክ ላይ የተጫነ ስፒከር አንድ አይደሉም። ሆታው ታቦት ሲቀርብ ዝም ይላል። ስፒከሩን የሚያዘው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን እያየ ነው። አምና የመዝሙር ድምፅ በማስታወቂያ ተውጦ ቆሜ ቀርቻለሁ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ከጻፉት በላይ ቢጽፉ አልቃወምም።

የዩኔስኮውን ነጥብ ቶሎ ልለፈው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ሁለት ነገር አምታተዋል። "የጎንደር ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ1979 ተመዝግቦ እስካሁን ምን ጠቀመ?" ብለው ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ነው፤ ሕንፃው። ከግቢው ጋር መዋኛው፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምና ሌሎችም ቦታዎች አብረው ገብተዋል። ጥምቀት የተመዘገበው ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ነው። እሱም የጎንደር ተብሎ ሳይሆን የኢትዮጵያ ተብሎ ነው፤ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ። የጃን ሜዳውም፣ የላሊበላውም፣ ወንዝ ዳር በስድስት ካህን የሚከበረው የገጠሩም አለበት። ድንጋዩ በአንድ መዝገብ፣ ውኃው ውስጥ የሚዘለው ልጅ በሌላ መዝገብ ማለት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት እዚያ መዋኛ ላይ ነው።

"ምን መጣ?" ለሚለው ደግሞ፣ መመዝገብ ቼክ አይደለም። ዩኔስኮ በየዓመቱ ለበዓሉ ገንዘብ አይልክም፤ እልካለሁም አላለም። የሚጨምረው ኃላፊነት ነው፣ እሱም በኛ ላይ። ይኼን የከተማችን ሰዎችም የተረዱት አይመስለኝም። ስለዚህ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የመዋኛው ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ይኼ ነው። ሕዝቡ ግንቡ ላይ ይወጣል፣ የዋርካውን ሥር ይዞ ይንጠለጠላል፣ ከአጥሩ ላይ ይዘላል። ቅርሱ እያለቀ ነው። አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ላይ ታከብራለች፣ ጎንደርም ሜዳ አላት። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የደረሰውን አደጋ ያነሳሉ።

አደጋውን እኔም አነሳዋለሁ። ጥር 11 ቀን 2012 ነው። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ የመጀመሪያው ጥምቀት ነበር፤ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ከሌላው ዓመት የበለጠ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነበር። መዋኛው ዳር የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ከነሰዉ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ብዙ ሰው ቆሰለ። ነጭ የለበሰ ሰው ደም በደም ሆኖ በቃሬዛ ሲወጣ ያየ የጎንደር ሰው ያን ጠዋት አይረሳውም።

ግን ምን እንደወደቀ እንይ። አጥሩ አልወደቀም። መሐሉ ላይ ያለው ግንብ አልወደቀም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆመው ነገር በዚያ ቀንም ቆሟል። የወደቀው ለዚያ ሰሞን ብቻ የተመታው መቀመጫ ነው። ለተመልካች ተብሎ የተሠራው። ጸሐፊው የተቀመጡበት ዓይነቱ። ከዚህ ተነስተው ተጠማቂው ከመዋኛው ይውጣ፣ ጎብኚው ይግባ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከዚያው አደጋ ተነስቼ ተቃራኒውን እላለሁ። መቀመጫው ይነሳ፤ ወይም ይቀነስና እንደ ሕንፃ ይሠራ። መሐንዲስ ይፈርምበት፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጻፍበት፣ ከተጻፈው በላይ አንድ ሰው አይውጣበት። መውጫ መንገዱ ከመቀመጫው ይቅደም። ከሳቸው የባሰ እናገራለሁ ያልኩት ይኼን ነው። ሰው የሞተበት ጉዳይ ላይ "በዓሉ ደስ ይል ነበር" ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ቅርሱ በሕዝብ ብዛት ያልቃል የሚለውን ግን ታሪኩ አይደግፈውም። ጎንደርን ምን እንደጎዳት እንቁጠር። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማዋን አቃጠሏት። ደርቡሽ በ1888 ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን እሳት ለቀቀባቸው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት፤ ንቦች ተከላከሉላት ይባላል። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ የጣሉት ቦምብ ግቢውን አግኝቶታል። እሳት፣ ጦር፣ ቦምብ። ጸበል የተረጨ ሕዝብ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እሺ፣ ሰው ያልነካው ሕንፃስ እንዴት ሆነ? ጣና ዳር ጎርጎራ አካባቢ የዐፄ ሱስንዮስ ማርያም ግንብ አለች። የፋሲል አባት ያሠሩት ነው። ከጎንደር የሩቅ መንገድ አይደለም። ሄደው ይዩት። ፍርስራሽ ነው። እዚያ ማንም ዋርካ ላይ አልተንጠለጠለም፣ ማንም ውኃ ውስጥ አልዘለለም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን በየዓመቱ መጥቶ የሚጠርገው፣ ስንጥቁን የሚያየው፣ "ይቺ ድንጋይ አምና አልነቃነቀችም ነበር" የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። የፋሲል መዋኛ ያ ሰው አለው። በየዓመቱ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይመጣል። በዓሉን ወደ ሜዳ ብናወጣው ያ ሰው ወደ ሜዳው ይሄዳል። መዋኛው በአጥር ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ግንቡ ላይ መውጣት ይከልከል ከተባለ ግን እስማማለሁ። የዋርካው ሥርም ያሳስበኛል። ድንጋዩን አቅፎ የያዘውም ቀስ እያለ የሚፈለቅቀውም እሱ ነው። እሱ ላይ ሃምሳ ጎረምሳ ሲጨመር አይቻልም። ይኼ ግን ባለሙያና ጥበቃ የሚፈልግ ነገር ነው። በዓል የሚያሰድድ አይደለም።

"የሦስት ቀን ከተማ" የሚለው ስድብ ይመስላል፤ ስድብ ባይሆንም አለማወቅ ነው። ከከተራ ሦስት ቀን ቀድሞ፣ ጥር 7፣ ሥላሴ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያዋ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ቁልቁል እያዩ ሕዝቡ ሌሊቱን ያነጋል። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። የምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አጠገብ፣ ሜዳው ነጭ በነጭ ይሆናል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አለ። መስቀል አለ። ነሐሴ ላይ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ቡሄን ያመጡታል። አዲስ ዓለም ወደሚባለው የከተማችን ሰፈር ወረድ ካልን ደግሞ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ዒዱን፣ መውሊዱን ያከብራል። ከዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ ሙስሊሞች ለብቻ እንዲሰፍሩ ታዝዞ ነበር። ከተማዋ ያንንም ታሪክ ይዛ ነው የምትኖረው። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ በፍቅር ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ጎንደርን የአንድ በዓል ከተማ ማለት ግማሹን ሰው ከከተማው ማውጣት ነው።

ስግድንም ልጨምር። ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ዙሪያ፣ እንደ አምቦበር ባሉ ቦታዎች፣ ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ ኦሪት እየተነበበላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱ ነበር። ከዚያ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ። እስራኤል በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ፣ በአማርኛ እየተነጋገሩ የሚያከብሩት ሽማግሌዎች አሉ። አምቦበር ያለው ተራራ ምን ሆነ? አለ። ያው ተራራ ነው። በዓሉ ግን ከሰዎቹ ጋር ሄዷል። ጸሐፊው መዋኛውን ጠብቀን ሰዉን እናንሳ ሲሉ እኔ ያንን ተራራ ነው የማስበው።

ዋጋውን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ልክ ናቸው። አምና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ሄጄ፣ ከሳምንታት በፊት የያዝነው ክፍል ስንደርስ "ለሌላ ሰው ተሰጥቷል" ተባልን። ባለፈው የተስማማነውን ዋጋ ብንጠቅስ ሳቁብን። ባልደረባዬ እናቴ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ ተዘርግቶለት አደረ። አሁንም ያወራታል፤ ሆቴሉን ሳይሆን የእናቴን ጠላ። የባጃጁም ነገር ያው ነው። በዓል ሲሆን አጭሯ መንገድ ትረዝማለች።

ግን "ዘረፋ" የሚለውን ቃል ለሁሉም አያድሉት። በዚያ ሰሞን ብር የሚያገኘው ባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም። ቀሚስ የሚጠልፈው፣ ጥለት የሚሸምነው፣ ዳቦ የምትጋግረው፣ ሻማ የሚሸጠው ልጅ አለ። ያ የተበጣጠሰ ቀሚስ ተረት የሸማኔ ማስታወቂያ ቢሆን አይገርመኝም። ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታትም እነዚህ ሰዎች የሸጡት ለከተማው ሰውና ከገጠር ለመጣው ሰው ነው። ስለዚህ የክፍል ዋጋ ይለጠፍ፣ ያስያዙትን ክፍል የሚሸጥ ይቀጣ። ከዚህ በላይ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

የቀረው ትኬት ነው። ማንበብ ስጀምር ቀልድ መስሎኝ ነበር። በአዘቦት ቀን መዋኛውን ለማየት ትኬት አለ። የፋሲል ግቢን ትኬት የቆረጠ ሰው በዚያው መዋኛውንም ያያል። ተገቢ ነው፤ ጎብኚ ነዋ። ጥር 11 ንጋት ላይ ያለው ሰው ግን ጎብኚ አይደለም። እናቴ ከገሃድ ጾም በኋላ፣ ሌሊቱን ቆማ አንግታ፣ ጸበል ሊረጭባት መስኮት ላይ ተሰልፋ ትኬት ልትቆርጥ ነው? ስንት ልንላት ነው? ለጡረተኛ ቅናሽ ይኖር ይሆን? ወንበር ለሚፈልግ ሰው የወንበሩን ያስከፍሉት፤ ግድ የለኝም። ብሩም መቀመጫውን በብረት ለመሥራት ይዋል። ውኃው ግን በር የለውም።

ጸሐፊው በሚመጣው ጥር ተመልሰው እንዲሄዱ እጋብዛቸዋለሁ። ከምሬ ነው። ጥር 9 ይግቡ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ደብር በር ላይ ይቁሙና ከታቦቱ ኋላ አብረው በእግር ይውረዱ። ጋቢ ይያዙ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የጥር ሌሊቷ አጥንት ይገባል። ማረፊያ ካጡ እናቴ ቤት ፍራሽ አለ። ውኃው ሲባረክ ደግሞ ከታች፣ ከደረጃው አጠገብ ይሁኑ። ስልክዎን በላስቲክ ይጠቅልሉት። እኔ አምና አልጠቀለልኩትም፤ ይኼን የምጽፈው በአዲስ ስልክ ነው።